የፈቃደ ቆሎ

ሞያሌ ላይ ደመና ሲከብድ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ ያያል፤ ፈቃደ ግን ወደ ግቢው የታች በር ያያል። ይህን ልማድ የያዘው ላሚው ከተማዋ ከገባ ወዲህ ነው። በኬንያ በኩል ያለው ሰው ላሚ የሚለው አስፋልቱን ነው። ከኢሲዮሎ ተነስቶ ያን ሁሉ በረሃ ሰንጥቆ ሲደርስ ከተማው በእልልታ ተቀበለው፤ ፈቃደም በሆቴሉ በር ላይ ቆሞ አጨበጨበ። ያጨበጨበበትን እጁን ኋላ ብዙ ጊዜ ታዝቦታል።

ወደ ሞያሌ የመጣው በወጣትነቱ ነው፤ ከዲላ፣ በጭነት መኪና ላይ፣ ከአጎቱ ጋር። አጎቱ ተመለሰ፤ እሱ ቀረ። መጀመሪያ በኢትዮጵያ በኩል ሻይ ሸጠ። ኋላ ድንበሩን ተሻገረና በኬንያ በኩል ጠባብ ቤት ተከራይቶ ለሹፌሮች ጥብስና ሽሮ ያቀርብ ጀመር። እታለማሁን አገባ፤ ሚሚን ወለዱ፤ ቤቷም እየሰፋች ሄዳ ሆቴል ተባለች። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የፈቃደ ጠላት አቧራ ነበር። ቀዩ አፈር ወጥ ውስጥ ይገባል፤ የአልጋ ልብስ ላይ ያርፋል፤ እንግዳ አፉን ጠርጎ መሐረቡን ሲያየው ይቀላል። እታለማሁ አቧራውን ለማስተኛት ጠዋት ማታ ውሃ ትረጫለች። ውሃውም በአህያ ጋሪ የሚመጣ ነውና ስትረጭ ልቧ ይቆረጣል።

ስለዚህ ፈቃደ ትንሽ ገንዘብ ሲቋጥር መጀመሪያ ያደረገው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ሊሾ ማስደረግ ነበር። ሥራውን የሠራው የሰፈሩ ግንበኛ ወልደየሱስ ነው። ወልደየሱስ ሊሾ ሲሠራ ሰው አያናግርም። ጉልበቱ ላይ ጆንያ አስሮ፣ ወደ ኋላ እየተሳበ፣ በግንበኛ ማንኪያው ሲሚንቶውን እንደ ቅቤ እየላሰ ያለሰልሰዋል። ሲጨርስ ሳንቲም ይጥልና እየተንከባለለ የት እንደሚቆም ያያል። የፈቃደ ግቢ ሳንቲሙን የትም ሳያቆም ወደ ታች በር ሸኘው፤ ቁልቁለት ነዋ። ያን ቀን ሁለቱም በዚህ ሳቁ።

ላሚው በገባ በመጀመሪያው የጥቅምት ዝናብ ውሃው እንደ ሳንቲሙ ተንከባለለ። ከመንገዱ የወረደው በላይ በር ገባ፤ ከጣሪያው የወረደው ተጨመረበት፤ የተላሰው ሊሾ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ሁሉንም በታች በር አስወጣው። ታች በር ፊት ለፊት ደግሞ የሀሊሞ ቤት አለ።

ሀሊሞ ከጎልቦ ቆላ የሚመጣ የግመል ወተት ትሸጣለች። ቤቷ የጭቃ ነው፤ ከፊት ያለችው ክፍል ሱቋ ናት። ለብዙ ዓመት እሷ ወተት ስትልክ እታለማሁ ዕቃውን ባዶውን አትመልስም ነበር። በዚያ ዝናብ የሱቋ ግድግዳ ከሥሩ ራሰና ተንዶ ተቀመጠ። ጀሪካኖቿ እየተንሳፈፉ እስከ ገበያው መታጠፊያ ድረስ ሄዱ። ሰው አልተጎዳም። ሀሊሞ ግን ወደ ፈቃደ ቤት የምታስገባውን የአጥር ቀዳዳ በእሾህ ዘጋችው።

ጉዳዩን ያዩት ሽማግሌው ታዲቻ ናቸው።

«ግድግዳዬን እኔው እመርጋለሁ» አለች ሀሊሞ። «ካሳ አልፈልግም። አባ ሚሚ ቃል ይስጠኝ። የጋናው ዝናብ ከሱ ግቢ ወደኔ ቤት አይመጣም ይበል።»

በቦረናዎች ዘንድ ጋና የሚባለው የመጋቢትና የሚያዝያው ዝናብ ነው።

«ሰማህ?» አሉት ታዲቻ።

«አንድ ጠብታ አይመጣም» አለ ፈቃደ።

ታዲቻ በትራቸውን መሬት ላይ ነካ አደረጉ። ነገሩ አለቀ። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ያውቀዋል፤ «አንድ ጠብታ ብሏል» እያለ ያወራዋል። ፈቃደ እንዴት እንደሚያደርገው ማሰብ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የታች በሩን ቢገነባው ውሃው ሆቴሉ ውስጥ ይተኛል። ቦይ ቢቆፍር ቦዩ የሚያልፈው በሌላ ሰው ደጅ ነው። ካውንቲ ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ የጎርፍ መውረጃ በሚመጣው እቅድ ውስጥ አለ አሉት። የሚመጣው እቅድ መቼ እንደሚመጣ ሲጠይቅ ነገ ተመለስ አሉት። ተመለሰ። ነገ ተመለስ አሉት።

መላውን የነገረው መሐዲ ነው። መሐዲ በመንገዱ ሥራ ላይ ፎርማን ነበር፤ መንገዱ እስኪያልቅ ምሳውን የሚበላው በፈቃደ ግቢ፣ በኒሙ ዛፍ ሥር ነበር። ሥራው አልቆ ሊሄድ ሲል ፈቃደ ጭንቀቱን አጫወተው።

«ግቢህ ውሃውን ራሱ ይጠጣው» አለ መሐዲ።

«ግቢ ይጠጣል እንዴ?»

«አሸዋ የሌለው አርማታ ሥራ። ጠጠር፣ ሲሚንቶ፣ ትንሽ ውሃ። ሲሚንቶው ጠጠሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ በመካከሉ ቀዳዳ ይቀራል። ከሥሩ ደግሞ የተፈጨ ድንጋይ በደንብ ትሞላለህ። ዝናቡ በቀዳዳው ይገባል፣ ድንጋዩ መሐል ይጠራቀማል፣ ከዚያ በዝግታ መሬቱ ይወስደዋል። ናይሮቢ የመኪና ማቆሚያ በዚህ ሠርተናል።»

ፈቃደ ሳቀ። መሐዲ አልሳቀም።

«ያንን ዛፍ እየው» አለ ወደ ኒሙ እያሳየ። ቅጠሉ ቢጫ ነበር። «ሊሾ ስታደርግ ሥሩን አፈንከው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው ሊሾ፣ መንገዱ ላሚ፤ ከተማው በሙሉ መሬቱን ከድኖ ተቀመጠ። ዝናቡ የሚገባበት ሲያጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ታች ያለውን ሰው ያገኘዋል። በጋ ሲመጣ ደግሞ ጉድጓዳችን ቶሎ ደረቀ ትላላችሁ። ከየት ይምጣላችሁ? ውሃውን እኮ ሸኝታችሁታል። እኩለ ቀን ላይ ሊሾህ ላይ በባዶ እግርህ መቆም ትችላለህ? ሙቀቱም ከዚያው ነው።»

ከመሄዱ በፊት በውሃው ታንከር ሥር የትሪ ስፋት ያላት ቦታ ቆፍሮ በዚህ ዓይነት ሠራለት። ስትደርቅ ፈቃደ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ደፋባት። ውሃው ጠፋ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሳት፤ ሌላ ጀሪካን አምጥቶ ደገመ። እታለማሁ ከማድ ቤት ወጥታ «አንተ ሰው፣ ውሃውን ምን እያደረግከው ነው?» ብላ እስክትጮህ ድረስ ከታንከሩ አልራቀም።

አስቸጋሪው ወልደየሱስ ነበር።

«አሸዋ የሌለው? ጋሽ ፈቃደ፣ ያመዎታል?»

«አላመመኝም። ሊሾውን አፍርሰህ ይህን ሥራልኝ።»

«በገዛ እጄ የሠራሁትን?»

«በገዛ እጅህ።»

«ሰው አይቶ ምን ይላል? ወልደየሱስ ዓይኑ ጠፋ ነው የሚለው። ይቺ እኮ ያልተላሰች ናት። ሥራዬን ጨርሼ የሄድኩ አይመስልም።»

«አትላሰው። የለመንኩህ አንድ ነገር ይኼ ነው። ማንኪያህን ቤትህ ትተህ ና።»

ማንኪያውን ይዞ መጣ፤ ግን ሠራ። በጥር ወር ሊሾው ተነሣ፤ ግቢው በጥልቀት ተቆፈረ፤ የተፈጨ ድንጋይ ገባ፤ በላዩ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ አርማታ ተነጠፈ። ውሃ በሞላ በርሜል እያንከባለሉ ጠቀጠቁት፤ በሸራ ሸፍነው ከፀሐይ ጠበቁት። ሸራው ሲነሣ ግቢው ቆሎ የተበተነበት ይመስላል። ሹፌሮቹ አልራሩለትም።

«ፈቃደ፣ አሸዋ አለቀ እንዴ በአገሩ?»

«ኑ፣ የፈቃደን ቆሎ እንብላ!»

ስሙ በዚያው ቀረ። ፈቃደ ግድ አልሰጠውም። ሀሊሞን በታች በር ጠርቶ በፊቷ በርሜል ሙሉ ውሃ አስደፋ። ሀሊሞ ውሃው ወደ እሷ እንዳይመጣ ቀሚሷን ሰብስባ ነበር፤ ውሃው ግን ከነበረበት ጠፋ።

«የት ገባ?» አለች።

«ወረደ።»

«ዋላሂ፣ ግቢህ ሌባ ነው» አለች። ከጎርፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ያን ዕለት ማታ ከአጥሩ ላይ እሾሁ ተነሣ፤ ወተትም መጣ።

ከዚያ በኋላ የፈቃደ ኑሮ ሁሉ ቀዳዳው እንዳይደፈን መጠበቅ ሆነ። አፈር የጫነ ጋሪ እንዳይገባ፣ ከሰል እንዳይደፋ፣ ሚሚ ስትጠርግ አፈሩን ወደ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ ውጭ እንድትገፋ። ቤተሰቡ ሰለቸው። ሚሚማ «አባዬ፣ እግራችንንም አውልቀን እንግባ እንዴ?» ብላዋለች።

የእታለማሁ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። የኪዳነምሕረት ጽዋ ማኅበር አላት፤ የዓመቱ በዓል፣ የካቲት አሥራ ስድስት፣ ተራው የደረሰው እሷ ቤት ነው። ከድንበሩ በሁለቱም በኩል ያሉ ማኅበርተኞች ይመጣሉ። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ወርቅአየሁን ነው። ወርቅአየሁ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ ወለሉን የምታይ ሴት ናት።

«ቄጠማ ብጎዘጉዝበት እንኳ አይሸፈንም» ትላለች እታለማሁ። «የወርቅአየሁ ጫማ ተረከዙ ይገባበታል። ያላለቀ ቤት ጠራችኝ ትለኛለች።»

«ትውደቅ» ይላል ፈቃደ።

«በእመቤታችን ቀን ነው እንዲህ የምትለው?»

በዓሉ ሲቃረብ የእታለማሁ ወንድም ሶሎሎ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደረገለትና ፈቃደ ሊያስታምም ሄደ። በሽተኛው ቶሎ አልተሻለውም፤ ቆየ። ሲመለስ የግቢውን በር ገፋ አድርጎ ገባና እግሩ አዳለጠው።

ግቢው ቀይ ነበር። ቀይና የሚያብረቀርቅ። ከላይ በር እስከ ታች በር ድረስ በክር የተለካ አራት ማዕዘን መስመር ወጥቶለት፣ ዳሩ ጥቁር ተቀብቶ ተዘርግቷል። የኒሙ ዛፍ ግንድ ዙሪያውን እንደ ሰው አንገት በሲሚንቶ ቀለበት ታንቋል።

ወልደየሱስ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ማንኪያውን እያጠበ ነበር። ፈገግ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ፈቃደ። እንዴት ነው?»

ፈቃደ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ነካው። እንደ ሳህን ለስልሷል።

«ምን አደረግክበት?»

«መጀመሪያ በቀጭን ቦያካ ሞላሁት። ሲሚንቶውን በውሃ አቅጥኜ ብደፋበት፣ አይሞላም እኮ! እየጠጣ፣ እየጠጣ! በርሜል በርሜል ነው የጨረሰው። ሲጠግብልኝ ከላይ ቀዩን ላስኩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳንቲም አልተቀበልኩም። ለኪዳነምሕረት ስል ነው።»

ነገሩ ለፈቃደ ገባው። የጠጣው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶው እስከ ታች ድንጋዩ ወርዶ ደርቆ እንደሆነም ማን ያውቃል።

እታለማሁ በር ላይ ቆማ ነበር። «እኔ ነኝ ያልኩት» አለች። «ደስ የሚልህ መስሎኝ ነው።»

«ቃሌን የሰጠሁት ለማን ነው?»

«ዝናቡ እኮ ገና ነው፤ ያን ጊዜ እንወያያለን።»

«ምን እንወያያለን? ከውሃው ጋር?»

በዓሉ ተከበረ። ወርቅአየሁ ገብታ ወለሉን አየች፤ ከዚያም እታለማሁን «በስምአብ! መስታወት ነው እኮ የሠራሽው» አለቻት። እታለማሁ ቀኑን ሙሉ አበባ ሆና ዋለች። ፈቃደ ጥጉ ላይ ተቀምጦ ጠላውን እንደ ኮሶ ጨለጠ።

በማግስቱ ወልደየሱስን ጠርቶ አፍርስልኝ አለው። ወልደየሱስ እምቢ አለ። ለእመቤታችን ያበረከትኩትን አላፈርስም፤ ደግሞ እንዲህ ያለ ሊሾ ዳግመኛ ከእጄ አይወጣም አለ። ሌሎች ግንበኞች ጠየቀ፤ የወልደየሱስን ሥራ አንነካም አሉት። መሐዲ ጋ ደወለ፤ ስልኩ አይሠራም፤ ሲሠራ መሐዲ መጀመሪያ «ምን? በምን ሞላው?» አለና ሁለት ጊዜ አስደገመው። «የላይኛውን ቆዳ አንሣው» አለ በመጨረሻ። «በመሮ፣ በቀስታ። ቦያካው የወረደበት ቦታ አለቀለት። ያልወረደበት ካለ ይጠጣል።»

ፈቃደ መሮና መዶሻ ገዝቶ በራሱ እጅ ከታች በር ጀመረ። ግንበኛ አይደለም፤ ትከሻው ታመመ፤ ጣቱን ቀጠቀጠ። ቀይ አቧራው ሽሮው ላይ ሲያርፍ ሹፌሮቹ ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። ያን ሁሉ ዓመት ያባረረው አቧራ ተመልሶ መጣ። እታለማሁ ምሳውን ታቀርብለታለች፤ አታናግረውም።

መዶሻውን ሰምታ ሀሊሞ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች። ቀዩን ግቢ አየች፤ የተፈለፈለችውን ትንሽ ቦታ አየች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«አትጠይቂኝ።»

«ሌባው የት ሄደ?»

«አፉን ሞሉት» አለ ፈቃደ።

ሀሊሞ በጎልቦ በኩል ወደ ጠቆረው ሰማይ አየች፤ ከዚያ ወደ ገዛ ግድግዳዋ። ገና አዲስ የተመረገ ነው። ገብታ ጀሪካኖቿን ከፍ ወዳለ ቦታ ታነሣ ጀመር። ፈቃደን ከስድብ ይልቅ ይህ አቃጠለው።

በዚያው ሳምንት ወልደየሱስ በበሩ ሲያልፍ መዶሻውን ሰማ፤ ገባ፤ ቆሞ አየ። ፊቱ ተኮማተረ።

«እንደዚያ አይመታም» አለ። «መሮውን አቁመው ሲመቱት ከሥር ይሰነጠቃል። አስተኝተው ነው።»

«አንተ እምቢ አላልክም?»

«እምቢ ብያለሁ። ግን እንዲህ ሲበላሽ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።» መሮውን ከእጁ ወሰደ።

ፈቃደ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ግን ቶሎ ነበር ያመሰገነው። ወልደየሱስ ክር አውጥቶ ወጠረ። በመስመሩ ዳር ዳር ይዞ፣ አንዱን አራት ማዕዘን ጥርት አድርጎ ሳያነሣ ወደ ሌላው አይሄድም። ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ ያስተካክላል።

«ወልደየሱስ፣ ዝናብ እየመጣ ነው!»

«አየሁት።»

«ዝም ብለህ ምታው!»

«ሥራ ነው ጋሽ ፈቃደ። ማፍረስም ሥራ ነው።»

ከታች በር እስከ ኒሙ ዛፍ እንደደረሱ ዝናቡ መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ነጎድጓድ፣ ባንድ ጊዜ። ከላሚው የወረደው ውሃ በላይ በር ገብቶ በቀዩ ሊሾ ላይ እንደ ድሮው ተንከባለለ። ዛፉ ሥር ሲደርስ ዘገየ። ከተፈለፈሉት ማዕዘኖች አንዳንዱ ጠጣ፤ ፈቃደ በዓይኑ አየው፤ ውሃው ሲሽከረከርና ወደ ውስጥ ሲገባ። አንዳንዱ ግን ሲሚንቶ እንደ ዋጠ ነውና አፉን ዘግቶ አሳለፈው። ፈቃደና ወልደየሱስ በታች በር ላይ በአካፋና በጆንያ ይከላከላሉ። ቀጭን ውሃ፣ ቀይ ውሃ፣ በጆንያዎቹ መሐል እያለፈ ወደ ሀሊሞ ደጅ ሄደ።

ዝናቡ ሲያባራ ሀሊሞ ደጇ ላይ ቆማለች። ግድግዳው ከሥሩ ርሷል፤ ግን ቆሟል። ፈቃደ እርጥብ ጆንያ እንደታቀፈ ቀረበ።

«ከግቢው የጠጣችው ግማሿ ያንተ ናት፤ አየሁ» አለች። «ያልጠጣችው የሚስትህ ናት። ግን አንድ ጠብታ ብለሃል፤ ታዲቻም ሰምተዋል።»

«እታለማሁን ምን ላድርጋት?»

«ሀያ» አለች ሀሊሞ፤ በስዋሂሊ እሺ ማለቷ ነው። «ለሷ እኔ አለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሀሊሞ የወተት ጀሪካኖቿን፣ መቀመጫዋንና መስፈሪያዋን ተሸክማ በላይ በር ገባች። ገና ባልፈረሰው፣ በሚያብረቀርቀው ሊሾ መሐል ዘርግታ ተቀመጠች። ደንበኞቿ ጭቃ እግራቸውን ይዘው ተከትለዋት ገቡ። አህያ ገባ። ወተት ፈሰሰ፤ ሊሾው አይጠጣምና እንደ ኩሬ ተኛ፤ ዝንብ ወረደበት።

እታለማሁ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። «ሀሊሞ! ምን ማድረግሽ ነው?»

«ሱቄ እርጥብ ነው እታለማሁ። ያንቺ ደረቅ ነው፤ ያምራል። ይቺ ቀይ እስክትነሣ እዚህ ነው የምሸጠው። ወተት ልስጥሽ?»

ሹፌሮቹ ሳቁ። እታለማሁ አልሳቀችም። ወተቱን ወደ ታች ብትጠርገው ወደ ሀሊሞ ቤት ነው፤ ወደ ላይ ብትጠርገው ቁልቁለቱ ይመልሰዋል። ትንሽ ቆማ፣ እየገፋች እየገፋች እስከ ዛፉ አወረደችው። ወልደየሱስ ከፈለፈላቸው ማዕዘኖች አንደኛው ላይ ሲደርስ ወተቱ ተሸበሸበና ወረደ። እታለማሁ ጎንበስ ብላ ባዶውን ቦታ እያየች ቆየች። በዚህ ሁሉ ወራት ግቢው ሲጠጣ ቀርባ አይታው አታውቅም ነበር።

ቀና ስትል ወልደየሱስን አየችው። «ምን ትቆማለህ?» አለችው። «አንሣዋ።»

«እመቤታችን...»

«ለእሷ እኔ እነግራታለሁ። አንሣ!»

ፈቃደ መዶሻውን ሊያነሣ ሮጠ። በምዕራብ በኩል ደመናው እንደገና እየተሰበሰበ ነው። ወልደየሱስ ጉልበቱ ላይ ጆንያ አሰረ፤ የዛሬውን መነሻ በዓይኑ ለካ፤ ከዚያ በኪሱ ፈለገ፣ በመሣሪያ ሳጥኑም ፈለገ።

«የምወጥራትን ክሬን ያየ አለ?» አለ።